ዘመድ ያላት ባለ ሁለት በር፦ ጅማ ላይ የመጀመሪያ መኪና ስትመርጡ

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ቡና ላይ ስልኩን አቀበለኝ። አቦሉ ተጠጥቷል፣ ቶናው ገና አልተቀዳም። ስክሪኑ ላይ አንዲት ብርማ መርሰዲስ ሲኤልኬ ቆማለች። ባለ ሁለት በር፣ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ፣ መስታወቷ ሁሉ ወርዶ። ከሥሯ «እጅግ ንጹህ፣ በአንድ ሰው እጅ የነበረች፣ 210 ሺህ ብቻ የሄደች» ይላል። «ብቻ» የምትለዋ ቃል አሳቀችኝ። እሱ አልሳቀም።

መንጃ ፈቃድ ካወጣ አራት ወር አልሞላውም። ባጠራቀመው ላይ እናቱ ጨምራለት ደህና ቪትዝ ይገዛል። ወይም ይቺን።

«ጋሼ፣ በአንድ ዋጋ መርሰዲስ እያለ ቪትዝ የሚገዛ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለኝ።

በእኔ የደረሰውን ያየ ሰው ነዋ።

የእኔም የመጀመሪያ መኪና ያረጀች የጀርመን ባለ ሁለት በር ነበረች። የማን ምርት እንደሆነች ይቅር። በገዛኋት በሦስተኛው ወር ከአዲስ አበባ ስመለስ የጊቤን በረሃ ወርጄ፣ ድልድዩን ተሻግሬ፣ አቀበቱን ወደ አበልቲ ስጀምር የሙቀት መርፌው ተነሳ። መጀመሪያ ጣፋጭ የመሰለ ሽታ መጣ። ቀጥሎ ከኮፋኖው ጠርዝ እንፋሎት። የራዲያተሩን ትርፍ ውሃ የሚይዘው የፕላስቲክ ዕቃ ስፌቱ ላይ ተሰንጥቋል። አንድ የአይሱዙ ሾፌር ቆሞ በጀሪካን ውሃ ሰጠኝ። መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አያትና «ይቺን ለማን ብለህ ገዛሃት?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም።

ጅማ ላይ ፕላስቲኩን ሁለት ጊዜ አስበየድኩት። ሁለት ጊዜ ፈነዳ። አዲሱ ዕቃ ከዱባይ በሰው እጅ እስኪመጣ ዘጠኝ ሳምንት ፈጀ። ዘጠኝ ሳምንት ግቢ ውስጥ ቆመች፣ ዶሮዎቹ ሥሯ ማደር ለመዱ።

ስለዚህ ልጁን «ተው» ለማለት አፍ የለኝም። ግን ከዚያ ዘጠኝ ሳምንት አንድ ነገር ይዤ ወጥቻለሁ። ጅማ ላይ ሆናችሁ ያረጀች ቅንጡ መኪና ስትመርጡ ከፈረስ ጉልበቷ በፊት ዘመዷን ጠይቁ። ሞተሯን፣ ካምቢዮዋን፣ የፊት እግሯን የምትጋራት ተራ እህት እዚህ አገር አለቻት ወይ?

ለምን በቪትዝ ዋጋ ይገኛሉ?

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ዛሬ ገበያ ላይ የምታዩዋቸው ባለ ሁለት በሮች በአብዛኛው ቀድመው የገቡ ናቸው። ከውጭ የተመለሰ ሰው ይዟቸው የመጣ፣ ከኤምባሲ ሠራተኛ የተገዙ፣ ከዚያ እጅ ለእጅ የዞሩ። ቁጥራቸው አይጨምርም። ለመለዋወጫ የሚፈቱትም አይጨምሩም።

ታዲያ ብርቅ ከሆኑ ለምን አልተወደዱም? ፈላጊያቸው ጥቂት ስለሆነ ነው። ቪትዝን ነጋዴውም፣ መምህሩም፣ ነርሷም ይገዛታል። ባለ ሁለት በሯን የሚገዛው እንደናንተ ልቡ የሸፈተ ብቻ ነው። ስትሸጧትም ያንኑ ዓይነት ሰው መፈለግ አለባችሁ፣ እሱ ደግሞ በየቀኑ አይወለድም። የብር ዋጋ እዚህ አልጽፍም፤ የዛሬው ለሳምንት አይሆንም።

እጩዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ የፈረንጅ ናቸው፤ ሊብሬውም ሻጩም የሚያወራው በዚያው ነው።

መርሰዲስ ሲኤልኬ

እዚህ የምናያት ከ2002 እስከ 2009 የተሠራችውን፣ መካኒኮች ደብሊው 209 የሚሏትን ነው። እህቷ በዚያው ዘመን የነበረችው ሲ ክላስ ናት፣ ደብሊው 203። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ የፊት እግሩ አብዛኛው የጋራ ነው። ሲ ክላስ አዲስ አበባ ላይ ብርቅ አይደለችም። ሶማሌ ተራ ተፈትታ የምትሸጥ አትጠፋም። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዕቃው ማታ በአውቶቡስ ተጭኖ ነገ እጃችሁ ይገባል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል። ለመኪና ግን የሩቅ ዘመድም ቢሆን ይበቃል፣ መንገዱ እስከተከፈተ ድረስ።

ሞተሯ ላይ ተጠንቀቁ። ሲኤልኬ ብሎ አንድ መኪና የለም።

200 ኮምፕረሰር የምትባለው 1.8 ሊትር ባለ 4 ሲሊንደር ናት። ነዳጅ ላይ ከሁሉም ትሻላለች። ግን ኪሎ ሜትር ሲበዛ የሞተሩ የውስጥ ሰንሰለት ይረዝማል። ጧት ስትነሳ ለጥቂት ሰኮንድ እንደ ቆርቆሮ ከተንኳኳች ያ ነው። ቀኑን ሙሉ ዝም ልትል ትችላለች፣ ሻጩም ከሰዓት የሚቀጥራችሁ ለዚህ ሊሆን ይችላል።

240 እና 320 ባለ 6 ሲሊንደር ናቸው፣ እስከ 2005 የተሠሩት። የእኔ ምርጫ እነሱ ናቸው። የድሮ ዓይነት ጠንካራ ሞተር ነው፣ ብዙ የሚያኮርፍበት ነገር የለውም። አንድ ጉድ ግን አለው። በእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ ነው ያለው። ስድስት ካንዴላ ይዛችሁ ጋራዥ ብትሄዱ መካኒኩ ይስቅባችኋል፣ 12 ነው የምትገዙት። 240ዋ ቀርፋፋ ናት። ለጀማሪ ይህ ስድብ አይደለም።

ከ2005 ወዲህ የመጡት 280 እና 350 በወረቀት ይበልጣሉ። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ላይ ሞተሩ ውስጥ ያለው የሚዛን ዘንግ ጥርሱ ያልቃል። እሱን ለመቀየር ሞተር ይወርዳል። ጅማ ላይ ሞተር አውርዶ ያንን የሚሠራ ሰው ካላወቃችሁ እለፏቸው።

ሌላም አለ። እስከ 2003 በተሠሩት ላይ ራዲያተሩ ውስጥ ውስጡን ተበስቶ ውሃው ከካምቢዮ ዘይት ጋር ይገናኛል። ከዚያ በኋላ አውቶማቲክ ካምቢዮው ዕድሜ የለውም። መካኒኩ የካምቢዮውን ዘይት አውጥቶ በነጭ ጨርቅ ያሳያችሁ። ቀይ ከሆነ ደህና። ቢጠቁር ዘይቱ አርጅቷል፣ ይቀየራል። ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለ ግን ሰላምታ ሰጥታችሁ ሂዱ።

ስለ መስታወቷም ልናገር። በፊትና በኋላ መስታወቷ መካከል ምሰሶ የላትም። ሁሉንም ስታወርዱ ከፊት እስከ ኋላ ክፍት ነው። ይህ መኪና ለመግዛት ምክንያት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ምን ይዋሻል፣ ልጁን ያሳበደችው በሱ ነው።

ቢኤም ባለ ሁለት በር

ለመንዳት ከሁሉም እሷ ትበልጣለች። ይህንን ደብቄ መመሪያ ልጽፍ አልችልም። መሪዋ ከእጅ ጋር ያወራል። ባለ 6 ሲሊንደር ከሆነች ድምፁ ብቻ ነዳጅ ያስረሳል፣ ማደያ እስክትደርሱ።

ሁለት ትውልድ አለ፦ ከ1999 እስከ 2006 የነበረችው ኢ46፣ ከዚያ እስከ 2013 የቀጠለችው ኢ92። ዘመዳቸው ባለ አራት በሯ 3 ሲሪስ ናት። አገር ውስጥ አለች፣ ግን እንደ ሲ ክላስ እንደልብ አይደለችም።

የኢ46 በሽታ የታወቀ ነው፤ ማቀዝቀዣው። የውሃ ፓምፑ፣ ቴርሞስታቱ፣ ትርፍ ውሃ መያዣው፣ የራዲያተሩ አንገት፣ ብዙው ፕላስቲክ ነው። ወደ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲጠጋ ሁሉም አንድ ላይ ይቀየራል እንጂ እስኪፈነዳ አይጠበቅም። 200 ሺህ የሄደች ኢ46 ላይ «ማቀዝቀዣው ተቀይሯል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ምንም ችግር የለበትም» የሚለው መልስ አይደለም። ደረሰኝ ወይም አዲስ ፕላስቲክ በዓይናችሁ እዩ። የኔን የጊቤ ታሪክ ያነበበ ሰው እዚህ ላይ ለምን እንደምነዘንዝ ይገባዋል።

መኪናዋን ክሪክ አስነስታችሁ ከኋላ ሥሯን ተመልከቱ። የኢ46 የኋላ አክስል የሚታሰርበት ላሜራ ይሰነጠቃል። በባትሪ ብርሃን ቀጭን የዝገት መስመር ይታያል። መንገዳችን እንደሆነ ላሜራ አያባብልም።

ባለ 4 ሲሊንደሮቹ፣ በተለይ ከ2001 በኋላ የመጡት፣ የቫልቭ ጎማቸው ይደርቅና ዘይት ይጠጣሉ። ለአምስት ደቂቃ ሞተሩን በቆመበት አስነስታችሁ ተዉት። ከዚያ ነዳጅ ረገጥ አድርጉ። ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ አገኛችሁት።

ኢ92ን ለመጀመሪያ መኪና አልመክርም። 335 የምትባለዋ ባለ ሁለት ተርቦዋ ደግሞ ጭራሽ። ከፍተኛ ግፊት የሚሰጠው የነዳጅ ፓምፗ ስሙ የጠፋ ነው። ብዙዎቹ ኢ92ዎች ሲፈነዳም የሚሄድ ጎማ ነው ይዘው የወጡት፣ ስለዚህ ስኮርት ጎማ የላቸውም። ከሰኮሩ አለፍ ብላችሁ ጎማው ጎኑን ቢተረተር ጎሚስታው ምን ያድርጋችሁ?

ቶዮታ ሴሊካ

«እሷ ቅንጡ አይደለችም» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ዳሽቦርዷ ተራ ፕላስቲክ ነው፣ ወንበሯም የኮሮላ ታናሽ ነው። ግን የዘመድ ነገር ከተነሳ የሚደርስባት የለም። ከ1999 እስከ 2006 የተሠራችው ሴሊካ 1.8 ሊትር ሞተሯ በዚያ ዘመን ኮሮላ ውስጥ ያለው ራሱ ነው። ጅማ ላይ ያንን ሞተር ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታ መካኒክ አይጠፋም። የነዳጅ ፓምፕ፣ ሴንሰር፣ ቺንጋ፣ ሁሉም እዚሁ ይገኛል።

ድክመቷ ዘይት ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሞተር፣ እስከ 2002 ገደማ ያለው፣ በፒስተን ቀለበቶቹ ምክንያት ዘይት ይበላል። ጭስ ላይታይ ይችላል። ሻጩን «በስንት ኪሎ ሜትር ዘይት ትጨምራለህ?» ብላችሁ በድንገት ጠይቁት። «አልጨምርም» ቢልም ባይልም ኮፋኖውን ከፍታችሁ የዘይት መለኪያውን ምዘዙ። ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ መልሱን መለኪያው ነግሯችኋል።

እዚህ ላይ ስለ ዘመድ ያልኩትን ላርም። ሴሊካም ሆነች ሲኤልኬ ዘመዳቸው ከቆዳ በታች ነው። ቆዳቸው የብቻቸው ነው። በሩ፣ የፊት መብራቱ፣ የኋላ መስታወቱ፣ ፓራውልቱ ከማንም ጋር አይጋራም። የተሰነጠቀ የፊት መብራት ያላት ሴሊካ ሞተሯ ጤነኛ ቢሆንም እዳ ናት። ስለዚህ ሞተር የሚሠራ መካኒክ ይዛችሁ ስትሄዱ እናንተ ደግሞ ቆዳውን እዩ። መስታወት በሙሉ ይውረድ፣ ይውጣ። በር ተዘግቶ ክፍተቱ ከላይ እስከ ታች እኩል ይሁን። ባለ ሁለት በር መኪና በሯ ረጅምና ከባድ ነው፤ ማጠፊያው ሲደክም ይወርዳል። በሩን ከፍታችሁ ጫፉን ይዛችሁ ወደ ላይ አንሱት። ከተንቀጫቀጨ አልቋል።

ኦዲ ቲቲና ሌክሰስ ኤስሲ 430

ቲቲ ቆንጆ ናት፣ እለፏት። 1.8 ሊትር ተርቦ ሞተሯ በቺንጋ ነው የሚዞረው። ቺንጋው ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ያው ቺንጋ የሚያዞረው የውሃ ፓምፕ ደግሞ ውስጡ ፕላስቲክ የነበረ ነው። የዳሽቦርዷ ሰዓቶችም በመሞት ይታወቃሉ፤ ነዳጅ አለ የለም ሳታውቁ ትነዳላችሁ። ዘመዷ ፎልክስዋገን ጎልፍ ናት፣ ያቺም እኛ ጋ በብዛት የለችም።

ሌክሰሷ ሌላ ወግ ናት። ከ2001 እስከ 2010 የተሠራች፣ 4.3 ሊትር ባለ 8 ሲሊንደር። ሞተሯ በጥንካሬው የተመሰገነ ነው፣ በ300 ሺህም አያፍርም። ቺንጋዋ በየ150 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ መቀየር አለበት፣ ያንን ካሟላችሁ ከሞተሯ ጋር አትጣሉም። ጠቡ ከጣሪያዋ ጋር ነው። የብረት ጣሪያዋ በሞተር እየታጠፈ ኋላ ሻንጣው ውስጥ ይገባል። ሐምሌ ላይ፣ የጅማ ዝናብ ሲያጉረመርም፣ ያ ጣሪያ መሀል ላይ ቢቆምስ? እናንተና የቆዳ ወንበሮቹ ምን ትሆናላችሁ? ከተማ ውስጥ ለ100 ኪሎ ሜትር ከ14 ሊትር በላይ ትጠጣለች። ደመወዝ ያለው ሰው ሊያፈቅራት ይችላል፣ ማግባቱ ግን ይከብዳል።

ጅማ ራሷ የምትመርጥላችሁ ነገር

አዲስ አበባ ብትኖሩ ኢ46 ባለ 6 ሲሊንደር ግዙ እል ነበር። ጅማ ግን የራሷ አስተያየት አላት።

መጀመሪያ ሆዷን ለኩ። መኪናዋ ደረቅ ሜዳ ላይ ቆማ ከፊት ፓራውልቱ ሥር እጃችሁን አስገቡ። ባለ ሁለት በሮች አብዛኞቹ ከመሬት ግማሽ ስንዝር ትንሽ ቢበልጡ ነው። ሦስት ጓደኛ ጭናችሁ ኮብልስቶን ላይ ስትወጡ ያቺም ትቀንሳለች። ከአጂፕ እስከ ፈረንጅ አራዳ ያለውን የፍጥነት መቀነሻ ሁሉ በሰያፍ እየተሻገራችሁ ታልፋላችሁ፣ ከኋላ ያለው ባጃጅ ደግሞ ክላክስ ያቀልጥባችኋል።

ጎማውን ጎኑ ላይ አንብቡ። 225 በ45 የሚል ከሆነ የጎማው ጎን ቁመት 10 ሴንቲ ሜትር ነው። የድሮ ኮሮላ ላይ ያለው 185 በ70 ደግሞ 13 ሴንቲ ይሆናል። ሦስት ሴንቲ ምን አላት ትሉ ይሆናል። ጉድጓድ ውስጥ ስትገቡ ቸርኬው ተጣመመ ወይስ አልተጣመመ የምትለው እሷ ናት። በትልቅ ቸርኬ ያጌጠች መኪና ካገኛችሁ ሻጩ ኦርጅናል ትንንሾቹን ይዞ እንደሆነ ጠይቁ። ይዞ ከሆነ ከዋጋው በላይ ደስ ይበላችሁ።

ከዚያ ጭቃው። መርሰዲሷና ቢኤሟ የሚገፉት በኋላ ጎማ ነው። ከዋናው መንገድ ወጣ ያለ ሰፈር ከሆነ ቤታችሁ፣ ክረምት ላይ ቀዩ ጭቃ ላይ የኋላ ጎማ ይሽከረከራል፣ መኪናዋ ግን ባለችበት ናት። እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ጀማሪ እግር ነዳጅ ሲረግጥ ቂጧ ወደ ጎን ይሄዳል። ይህንን የሚይዝ ኤሌክትሮኒክስ አላቸው፣ ግን 200 ሺህ የሄደች መኪና ላይ የሱ ቢጫ መብራት በርቶ የሚኖረው ስንቷ ላይ ነው! ሴሊካ በፊት ጎማ ስለምትጎተት በዚህ ትሻላለች።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር ከወረቀት ጉልበቱ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። «217 የፈረስ ጉልበት» ብሎ የሚጀነን ሻጭ የሚያወራው በባሕር ዳርቻ ስላለው ነው። እናንተ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚያወጣው ዳገት ሞክሯት። ጂሬን ላይ ስትደርሱ አቁሙና ሞተሩን ሳታጠፉ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ሙቀቱ መሀል ላይ ከቆመ፣ ማራገቢያውም ተነስቶ ከጠፋ፣ የጊቤን ፈተና ግማሹን አለፈች።

ነዳጅ ላይ ባለ 6 ሲሊንደሮቹ ከተማ ውስጥ ለ100 ኪሎ ሜትር ከ12 ሊትር አይወርዱም። ሴሊካ ከ8 እስከ 10። ከሊትሩ በላይ የምሰጋው ሰልፉን ነው። ነዳጅ በጠፋ ሰሞን መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን አለ፣ ምን እንደተቀላቀለበት አምላክ ይወቅ። ባጃጁ ይጠጣዋል። የጀርመኗ ኢንጀክተር ግን ያንቀዋል።

የኋላ ወንበርም አለ። የኛ አገር መኪና የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አያውቅም። ለቅሶ አለ፣ ሰርግ አለ፣ እናት ሐኪም ቤት ትሄዳለች። እናታችሁን ከፊት ወንበር ጀርባ አሾልካችሁ ለማስገባት አንዴ ሞክሩ። የኔ እናት አንድ ጊዜ ገባች። ስትወጣ «ልጄ፣ እኔ በባጃጅ እሄዳለሁ» አለች። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችበትም።

ሄዳችሁ ስታዩ

ሻጩን «ጧት እመጣለሁ፣ ሞተሩን እንዳታስነሳው» በሉት። ስትደርሱ ከሰላምታው ቀጥሎ መዳፋችሁን ኮፋኖው ላይ አሳርፉ። ከሞቀ አንድ የሚደበቅ ነገር አለ፤ የሰንሰለት ድምፅ፣ የጧት ጭስ፣ ወይም አልነሳም ማለት። ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። እኔ ግን ሌላ ምክንያት ያለው አንድም አላጋጠመኝም።

ቁልፉን አዙሩና ሳታስነሱ ዳሽቦርዱን እዩ። የሞተር ምልክት ያለባት ቢጫ መብራት መብራት አለባት። ሞተሩ ሲነሳ ትጠፋለች። ገና ከመጀመሪያው ካልበራች አምፖሏን ነቅለዋታል ማለት ነው። ከዚያ በኮምፒውተር አስነብቡ። ትናንት የብልሽት ኮዱ ተሰርዞ ከሆነ ጎበዝ ባለሙያ ያውቃል፤ መኪናዋ ራሷን ፈትሻ ገና አልጨረሰችም ይላችኋል።

ኪሎ ሜትሩ ኪሎ ሜትር መሆኑን አረጋግጡ። ከአሜሪካ የመጣች መኪና የምትቆጥረው በማይል ነው። የፍጥነት ሰዓቱ ላይ ትልልቁ ቁጥር 160 ላይ ካለቀና ከሥሩ በትንንሹ ሌላ ቁጥር ካለ፣ የሄደችውም በማይል ነው። 150 ሺህ የሚለው 241 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሻጩም ሳያውቀው ሊሆን ይችላል፤ ስትነግሩት ፊቱን እዩ። ቁጥሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ከሆነ ደግሞ ፔዳል አይዋሽም። 90 ሺህ የምትል መኪና የፍሬን ፔዳል ጎማዋ ተልጦ ብረት ካሳየ፣ የሾፌሩ ወንበር በር በኩል ያለው ጎኑ ከተፈረከሰ፣ አንዱ ውሸታም ነው። ፔዳሉ አይደለም።

ወረቀቱን በመጨረሻ አታድርጉት። የሻንሲው 17 ቁምፊና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከር። ያረጁ ባለ ሁለት በሮች ሞተራቸው ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ ካልገጠመ ስም ማዛወር ላይ ትንከራተታላችሁ። ቀረጥ የተከፈለባት መሆኗን፣ ዕዳና እገዳ የሌለባት መሆኗን መንገድና ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ አጣሩ። በውክልና ሦስተኛ እጅ የደረሰች ከሆነ ሰንሰለቱን እስከ ባለሊብሬው ተከተሉት። ደላላው «ይሄ ቀላል ነው» ሲል ኮሚሽኑን እንጂ ስማችሁን እያሰበ አይደለም።

ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ስልክ አንሱ። አዲስ አበባ ሦስት የመለዋወጫ ሱቅ ደውሉ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ዕቃ ጥሩ፦ የውሃ ፓምፕ፣ የፊት ሾክ፣ የፊት መብራት። «አለ» ካሉ ዘመድ አላት። «ምንድን ነው እሱ?» ካሉ ቢያንስ አልዋሿችሁም። የምትፈሩት «ይመጣል» የሚለውን ነው። እሱ ላም አለኝ በሰማይ ነው። የኔ ዘጠኝ ሳምንት «ይመጣል» ነበር።

ብሩን በተመለከተ፣ ካላችሁ ከሦስት እጅ ሁለቱን ብቻ ለመኪናዋ ስጡ። አንዱን እጅ በእጃችሁ አስቀሩ። የመጀመሪያው ወር ሳይሞላ ያልቃል፦ ዘይት በሙሉ፣ ቺንጋ፣ የማቀዝቀዣው ፕላስቲክ፣ ፍሬን፣ አራት ጎማ። ሦስቱንም እጅ ለሻጩ የምትቆጥሩ ከሆነ ቪትዟን ግዙ። ለሥራ በየቀኑ አጋሮ የምትመላለሱ ከሆነም ቪትዟን ግዙ። ቪትዝ ነድቶ ያፈረ ሰው አላየሁም፣ በሰው መኪና ሥራ የሚሄድ ባለ መርሰዲስ ግን አይቻለሁ። በየጧቱ መስታወት ውስጥ አየው ነበር።

ልጁ ይህንን ሁሉ ሰምቶ ሲኤልኬዋን ሊያይ ረቡዕ ማታ አዲስ አበባ ገባ። 320 ናት፣ የ2004። ሐሙስ ጧት አንድ ሰዓት ላይ ደወለ።

«አየኋት» አለ።

«እህ?»

«ቆንጆ ናት። ከፎቶው ትበልጣለች። መስታወቱ ሁሉ ይወርዳል።»

«ኮፋኖውስ?»

ዝም አለ። ከኋላው የሰው ድምፅ፣ የታክሲ ረዳት ጩኸት ይሰማል።

«ጋሼ፣ የጅማ አውቶቡስ ላይ ነኝ። ሳጃ ስደርስ እደውላለሁ።»